የሽመናው ሳንቃ

የሸማኔዋ የራባሲያ ቤት ሐይቁ ዳር በረጃጅም ቋሚዎች ላይ ቆሟል። ወለሉ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ነው፤ በስንጥቆቹ መሃል ጣት ያልፋል። የክብር እንግዳ የሚቀመጠው መሃለኛው ምሰሶ ሥር፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነው። አምና ላቶንጌ ሊያጫት መጥቶ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ እምቢ ተብሎ ሄደ። ዛሬ የሚቀመጠው አሣ አጥማጁ ሙስተሪ ነው፤ ሽማግሌዎች የሚያጩለት።

ጠዋት ራባሲያ ለሽመና ሐር በአመድ ውሃ ስትቀቅል የላቶንጌ ድምፅ ከእግሯ ሥር፣ ከወለሉ በታች መጣ።

«ያ አሣ አጥማጅሽ ምሰሶው ሥር ይቀመጥ። በእግሩ ግን አይነሳም።»

«አንተስ ተቀምጠህ በእግርህ ሄደህ የለ?»

«እኔ ያኔ ጩቤዬን ደጅ ትቼ ነው የገባሁት።»

ለወንድሞቿ ብትነግር ደም ይፈሳል፤ በደም ቀን ደግሞ ማንም አይታጭም። ጩቤው በወለሉ ስንጥቅ እንደሚመጣ ገባት። የሽመናዋን ሳንቃ ፈታች፤ አራት ጣት የሚወፍር ያረጀ እንጨት ነው። ምሰሶው ሥር አጋድማ ምንጣፍ አለበሰችው። እናቷ ስታይ ደነገጠች። የሽመና ሳንቃ ላይ የተቀመጠ ወንድ ወኔው ይፈስሳል ይባላል፤ ለወንድ እንግዳ የሚያነጥፈው ቤት የለም። ራባሲያም የተማመነችው በዚሁ ነበር፤ ላቶንጌ እዚያ ቦታ ሳንቃ ይኖራል ብሎ በሕልሙም አያስብም።

ሙስተሪን ደረጃው ላይ ጠብቃ ሁሉንም በጆሮው ነገረችው።

«ለወኔዬ አትስጊ፤ ከአሁኑ ፈስሷል» አለና ገብቶ ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ ምርቃት ሲጀምሩ፣ አመድ የገባበትን የፈላ የሐር ድስት ይዛ ከምሰሶው ጀርባ ተንበረከከች። ከወለሉ ሥር ጩቤ ሳንቃውን መታ። ሙስተሪ ከቦታው አልተነሳም። ጩቤው እንጨቱ ውስጥ ተቀርቅሮ አልነቀል አለ። በስንጥቁ የላቶንጌ ፊት ታያት፤ ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ይጎትታል። ድስቱን ገለበጠችበት።

ጩኸቱ ሐይቁ ማዶ ተሰማ። ዓይኑን ይዞ ሲሮጥ ከቋሚ ጋር ተላትሞ ወደቀ። ወንድሞቿ ወርደው በቀዘፋ እንጨት ይቀጠቅጡት ጀመር፤ ክንዱ ሲሰበር ላይ ድረስ ተሰማ። «በቃ!» ያለቻቸው እሷ ናት። ግራ ዓይኑ ዳግም አላየም።

ደም ስላልፈሰሰ ሽማግሌዎቹ ምርቃቱን ጨርሰው ሳንቃውን ገለበጡት። ጩቤው ሦስት ጣት ተኩል ገብቷል፤ ለሙስተሪ የቀረው ግማሽ ጣት ነበር።