ከወንበሩ ሥር

«አደራ፣ ማየት ብቻ!» አለቻት የልጆች ቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ወንበሩን አናጺዋ ሱቅ አስገብታ ስታስቀምጥ።

ወይ አደራ! ለጅብ ሥጋ አደራ ይሰጣል? ይህቺ አናጺ እኮ በስድስት ዓመቷ የአባቷን ሬዲዮ በትና «የሚያወራው ሰውዬ የታለ?» ያለች ሴት ናት። በአሥራ ሁለት ዓመቷ የጎረቤት ሰዓት ፈታ ስትገጥም ሦስት ብሎን ተርፏታል። ዘመድ ሁሉ «መርማሪዋ» ነው የሚላት። ለእሷ ማየት ማለት መፍታት ነው።

ወንበሩ የመጣበት ምክንያት ነበረው። ለንባብ ክፍሉ ሃያ አራት ወንበር ያስፈልጋል፤ መርማሪዋ ናሙና እንድትሠራ ተጠየቀች። «እንደፈለግሽ አድርገሽ ሥሪው» ተባለች። በዕድሜዋ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። እሷም ጉድ አደረገች፤ በጠንካራ እንጨት፣ መደገፊያው ላይ ሙያውን ካስተማራት አናጺ የወረሰችውን የወይን ሐረግ ከነዘለላው ቀርጻ አቀረበች። ኃላፊዋ አየችው፣ ዳሰሰችው፣ ላንሳው ብላ ወገቧን ያዘች።

«እጅሽ ይባረክ፣ ያምራል። ግን እንኳን ልጅ እኔም አላነሳው። ሐረጉም በየአዳራሹ ያየሁት ሐረግ ነው። አንቺ የታለሽ?»

ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ልቧ ላይ ተሰካች። እውነት ነዋ! ባለፉት አሥር ዓመታት የራሷ የሆነ አንድ ነገር ሠርታ አታውቅም። አሁን ሁለት ሳምንት ተሰጣት። ሁለተኛው ናሙና ካልሆነ አለቆቹ ከፋብሪካ የፕላስቲክ ወንበር ሊያመጡ ነው፣ አለቀ። ኃላፊዋ አዝናላት ነው የገዛ ወንበሯን ያመጣችላት። ሟቹ ባሏ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከስካንዲኔቪያ፣ ከዚያ ከብርዱ አገር፣ ተሸክሞ ያመጣላት ነው።

መርማሪዋ ዞረችው። ምንም የለበትም! ሐረግ የለ፣ ወፍ የለ። አራት ቀጫጭን እግር፣ ጎበጥ ያለ መደገፊያ፣ በገመድ የተሠራ መቀመጫ፣ በቃ። በአንድ እጇ አነሳችው። ተቀመጠችበት፤ ወገቧን እቅፍ አደረጋት። «ምን አባቱ አድርጎ ነው?» አለች። ገለበጠችው። ከመቀመጫው ሥር፣ ጥግ ላይ፣ ትንሽ የገመድ ጫፍ ብቅ ብላለች።

እንዴት እንደታሰረ ልይ ብላ ሳብ አደረገቻት። አንድ ዙር ተፈታ። ሁለት ዙር። እዚያ ላይ ማቆም ነበረባት፤ ማን ያቁማት? የምሳ ሰዓት ሲደርስ መቀመጫው በሙሉ ወለሉ ላይ ተቆልሎ፣ ወንበሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። የገመዱን ጫፍ በጣቷ አፍታታችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወረቀት! የተገመደ ወረቀት! ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ኖሯል!

ደስታዋ ግን ብዙም አልቆየም። ልመልሰው ስትል አልመለስ አለ። አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይጣመማል፣ አንዴ ገመዱ ያጥራል። ሦስት ቀን ታገለችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷስ መልቀሙም አቃታት።

በአራተኛው ቀን የወንበሩን አጽም በብብቷ፣ ገመዱን በፌስታል ይዛ አክስቷ ቤት ሄደች። መሄዱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አክስትየው ቅርጫት ሠሪ ናት፤ ሰፈሩ «እሜቴ ፍቺው» ይላታል። ምን የመሰለ ሥራ ቢያቀርቡላት ገልብጣ ታችውን ታይና «ፍቺው» ትላለች፣ ሌላ ቃል የላትም። መርማሪዋ በአሥራ ሰባት ዓመቷ አንዱን ቅርጫት አራት ጊዜ ፈታ፣ በአምስተኛው «የቅርጫት ታች ማን ያያል!» ብላ ወርውራው ወጣች። ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት ሠርግና ለቅሶ ላይ ነው።

አክስትየው ሸምበቆ ከነከረችበት በርሜል አጠገብ ተቀምጣለች። አጽሙን አየች።

«ማነው የፈታው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ላየው ብዬ።»

«አየሽው ታዲያ?»

«አላየሁትም» አለች መርማሪዋ፣ ፌስታሉን እየዘረጋችላት። «አክስቴ፣ የልጆች ንባብ ክፍል ወንበር የምታሠራኝ ሴትዮ አደራ ነው። የሟች ባሏ ስጦታ ነው። ጉድ ሆኛለሁ።»

አክስትየው ገመዱን ተቀብላ እንደ ልማዷ በርሜሉ ውስጥ ልትነክረው ስትል መርማሪዋ ጮኸች። «ኧረ ወረቀት ነው!»

«ወረቀት?» አክስትየው ገመዱን አሸተተችው፣ በጥርሷም ነካ አደረገችው። ዓይኗ የሕፃን ዓይን ሆነ። «ገመድ ሲያጡ ያላቸውን ገመዱ በይኛ! እሰይ!»

ከዚያ ዓይኗን ጨፈነችና ገመዱን በጣቶቿ መሃል ቀስ እያለች አሳለፈችው። «ገመዱ የታጠፈበትን ምልክት ይዟል። ብነክረው ኖሮ ይጠፋ ነበር። እዚህ ጋ ጠርዙን ሁለቴ ዞሯል። እዚህ ከታች አልፏል። እዚህ ደግሞ፣ ነይ ዳስሺው፣ በሚስማር ተይዟል። ሠሪው መንገዱን ትቶልሽ ሄዷል እኮ፣ አንቺ እጅሽን ትተሽ በዓይንሽ ትፈልጊያለሽ።»

ሁለት ቀን መቀመጫውን አብረው መልሰው ጠመሩ። አንዷ ትወጥራለች፣ አንዷ ታሳልፋለች። ሲያልቅ አክስትየው ገለበጠችው። ታችው እንደ ላዩ ነው፤ አንዲት የተንጠለጠለች ጫፍ የለችም። መርማሪዋ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ያኔ የቅርጫት ታች ማን ያያል ብዬሽ ነበር።»

«ማንም አያየውም» አለች አክስትየው። «የሚያነብ ሰው እጁ የት እንዳለ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ይቺ በቃቻት። በማግስቱ መርማሪዋ ንባብ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ልጆቹን አየች፤ ሳትፈታ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አንድ እጃቸው ገጽ ላይ ነው። ሌላኛው ከወንበሩ ሥር ገብቶ ይዳስሳል፣ ይቧጭራል፣ ጥግ ጥጉን ይፈልጋል። ታሪኩ ሲከርር ጣታቸውም ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። እየሮጠች ወደ ሱቋ ተመለሰች።

ሐረግ ምንም አልቀረጸችም። ቀላል እንጨት መርጣ እግሮቹን አቀጠነች፤ ለመቀመጫው ቃጫ ልትጠቀም ብትል አክስትየው «የልጆቹን ጭን ልትልጪ ነው?» አለቻት፤ በወፍራም የጥጥ ገመድ ጠመረችው። ከጠርዙ ሥር፣ ዓይን በማያየው ቦታ፣ ልክ በልጅ ጣት መጠን ጎድጎድ ያለ መስመር ዙሪያውን ፈለፈለች። መስመሩ አንዳንዴ ይጠማዘዛል፣ አንዳንዴ ትንሽ ጉብታ ያገኛል፤ ጥግ ላይ የአክስቷ ቅርጫቶች ከንፈር ላይ የሚዞረው ጉንጉን ተቀርጿል። ጣት የሚያነበው ነገር ይሁን ብላ ነው።

ቅዳሜ ኃላፊዋ መጣች፤ አክስትየውም ቀድማ መጥታ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። መጀመሪያ የራሷ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ተነፈሰች። ምንም አላወቀችም። መርማሪዋ ዝም ልትል ትችል ነበር፣ ግን አላስቻላትም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ፈትቼው ነበር። ሙሉ በሙሉ። አክስቴ ናት ያዳነችኝ።»

ኃላፊዋ ብድግ አለች። ፊቷ ጠቆረ። ወንበሩን ገለበጠችውና ታችውን ረጅም ጊዜ በመዳፏ ዳሰሰች። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ሰለል ብሎ፣ «ታችውን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።»

ከዚያ አዲሱን ናሙና በአንድ እጇ አነሳች፣ አስቀመጠች፣ ተቀመጠች። እጇ ሳታውቀው ወደ ሥር ገባ። ቆም አለች። ጣቷ መስመሩን ተከትሎ ጥግ ደረሰና ተመለሰ። ሳቀች።

«አሁን አገኘሁሽ። ሃያ አራቱንም እንዲህ ሥሪልኝ።»

መርማሪዋ ግን ገና አልተነፈሰችም። አክስትየው ከበሩ አጠገብ ተነስታ መጣችና ኃላፊዋን በትህትና አስነሳቻት። ወንበሩን ገለበጠችው። ጥጎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች፣ ጉንጉኑ ላይ ቆየች። መርማሪዋ እጇ ሊፈታ ተዘጋጅቶ ነበር፣ በእውነት፤ እንደ ድሮው ሳይከፋት።

አክስትየው ወንበሩን አቀናችና ተቀመጠችበት።

«ሁለተኛውን መቼ ነው የምንጀምረው?» አለች።