የተደበቀው ፊልትሮ

ኸድሩ የፒካፑን የአየር ፊልትሮ አውጥቶ በተቃጠለ ዘይት እየቀባው ነበር። ጓሮው ውስጥ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ ቁራጭ ጨርቅ ከቆርቆሮው ዘይት እየነከረ፣ የወረቀቱን እጥፋት ያረጥበዋል። ከዚያ ከመንገድ ዳር ያፈሰውን ቀይ አቧራ ይነሰንስበታል። ሰው ቢያየው አብዷል ይለው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አቧራ ከሞተር ሲከላከል የኖረ ሾፌር ዛሬ በገዛ እጁ ሞተሩን ሊያፍን ተቀምጧል።

ያለ ምክንያት አልነበረም። ከመስቀል በኋላ፣ ለሰሜኑ ጦርነት ስንቅ የሚያመላልሱ መኪኖች ከነሾፌራቸው እንዲቀርቡ ትእዛዝ ወጥቷል። ታናሽ ወንድሙ ባህሩዲን ባለፈው ዓመት እንዲሁ በትእዛዝ የጭነት መኪናውን እየነዳ ከዲላ እንደወጣ ቀረ። ሞተ የሚል የለም፣ አለ የሚልም የለም። እዚያው ግቢ የምትኖረው የባህሩዲን ሚስት ረህማ እስከ ዛሬ በር በተንኳኳ ቁጥር ከተቀመጠችበት ትነሳለች። ኸድሩ ይህን እያየ ነው አዲሱን ፊልትሮ በላስቲክ ጠቅልሎ ጓዳ ውስጥ የደበቀው፣ ለቀበሌው ሰዎችም «ሞተሩ ታፍኗል፣ መለዋወጫ ደግሞ በአገሩ የለም» ብሎ የነገራቸው። ሰዎቹ መጥተው ሲሞክሩት ፒካፑ ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ ዳገቱን ሳያጋምስ ተንገጫግጮ ቆመ። አመኑት። ነገ ግን ከአውራጃው መካኒክ ይዘው እንደሚመጡ ሰምቷል፤ ለዚህ ነው ዛሬ ዘይትና አቧራ የሚጨምርበት።

ሚስቱ መሪማ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከኩሽና ወጣች።

«አሁንስ በዛ። ጨርሰህ ልትገድለው ነው እንዴ?»

«ቢሞት ይሻላል።»

«የምንበላው በሱ እኮ ነው፣ ኸድሩ።»

«እኔ ከሄድኩ ማን ሊነዳው? አንቺ?»

ከአጥሩ ማዶ የሴት ጩኸት ተሰማ፤ ሁለቱም ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። የልብስ ሰፊው የይርጉ ሚስት እታገኝ ምጥ ከያዛት አንድ ቀን አልፏል። የመንደሩ ሴቶች ገባ ወጣ ሲሉ ውለው፣ አሁን አብዛኞቹ በረንዳው ላይ ዝም ብለው ቆመዋል። ያ ዝምታ ነበር መሪማን ሥራ ያስፈታት።

ብዙም ሳይቆይ ይርጉ የአጥሩን ቀርከሃ ገፍቶ ገባ። የመለኪያ ሜትሩ አሁንም አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ኸድሩ ወንድሜ፣ ድረስልኝ!» አለ። «ልጁ በእጁ መጥቷል። አዋላጇ ከእኔ አቅም በላይ ነው ብላ ተነሳች።»

ኸድሩ ዘይት የነካውን ጨርቅ እንደያዘ ቆመ።

«መኪናህ እንደማይሠራ አውቃለሁ» ይርጉ ቀጠለ። «ብንገፋውስ? ሰው ልሰብስብ። እስከ ታች ድረስ ቁልቁለት ነው፣ ከዚያ እስከ ጤና ጣቢያው ያለውን በትከሻችንም ቢሆን እንገፋዋለን። በቃሬዛ ልወስዳት ብዬ ነበር፤ ስትነቃነቅ ነፍሷ ሊወጣ ይደርሳል።»

ይርጉ ውሸቱን እንዲህ ከልቡ ማመኑ ኸድሩን አንገቱን አስደፋው። እምቢ እንዳይል እታገኝን ያውቃታል፤ መሪማ ወባ ይዟት ወር ሙሉ ስትተኛ ልጆቹን የመገበች እሷ ነች። እሺ እንዳይል ደግሞ የፒካፑ ድምፅ ቀበሌው ድረስ ይሰማል። ከተሰማ ነገ መካኒክ ማምጣትም አያስፈልጋቸውም። ዓይኑን ወደ ሚስቱ ሲያዞር መሪማ ከቦታዋ የለችም።

ከጓዳ ተመለሰች። ላስቲኩን እየገፈፈች መጥታ አዲሱን ፊልትሮ በደረቱ ላይ ለጠፈችው።

«መሪማ፣ ከሰሙ...»

«ይስሙ። የምትሞት ሴት እየጮኸች ነው፣ አትሰማም?»

ይርጉ አዲሱን ፊልትሮ አየ። መሬት ላይ ያለውን፣ ዘይትና አቧራ የለበሰውን አየ። ቆርቆሮውንም አየ። ፊቱ አንድ ጊዜ ተቀያየረና አንገቱን አዞረ። «ፍራሹን ላምጣ» ብሎ ብቻ ሮጠ።

ኸድሩ የማጣሪያውን ቤት በንጹሕ ጨርቅ ጠራረገ፤ ራሱ የጨመረው ዘይት ግን ከሥሩ አልለቅ አለው። በጥፍሩ ፋቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ። አዲሱን አስገብቶ ክዳኑን ሲጫነው አልገጥም አለ። እንደገና ተጫነው። ከማዶ እታገኝ ስትጮህ የክዳኑ ማሰሪያ ዳዶ ከእጁ አመለጠውና ሞተሩ ሥር ገባ። መሪማ በሆዷ ተኝታ ፈልጋ አወጣችለት። ለካስ ፊልትሮውን ገልብጦ ኖሯል ያስገባው። አወጣው፣ ጎማ ያለበትን ጠርዝ ወደ ታች አድርጎ መለሰው፣ ክዳኑ ገጠመ። ዳዶውን በጣቱ አጠበቀና ቁልፉን አዞረ።

ሞተሩ አንዴ አሳለ፣ ከዚያ ድምፁ ጠራ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ድምፅ ልቡን ደስ ያሰኘው ነበር። አሁን ግን ቀበሌው ድረስ እንደተሰማ አወቀ።

እታገኝን ከኋላ ፍራሽ ላይ አስተኟት። መሪማ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ይርጉ እግሯን ያዘ። ኸድሩ በየጉድጓዱ ላይ ፍሬን እየረገጠ ወረደ። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ሲያልፉ የአብዮት ጥበቃው ጓድ ጠመንጃውን ተደግፎ ከተቀመጠበት ብድግ ሲል በመስታወቱ አየው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲስተር ሙሉእመቤት እታገኝን ለማየት ረጅም ጊዜ አልወሰደባትም። ጓንቷን እያወለቀች ወጣች።

«እዚህ አይሆንም። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፣ ይርጋለም አድርሷት። አምቡላንሳችን ሌላ በሽተኛ ሊያመጣ ፍስሐ ገነት ወጥቷል፣ እሱን አትጠብቁ።»

«ትተርፋለች?» አለ ይርጉ።

«ከፈጠናችሁ። እኔም አብሬያችሁ እወጣለሁ።»

እታገኝን መልሰው ሲጭኑ የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ ወልደዮሐንስ ከጥበቃው ጋር እያለከለከ ደረሰ። ቀጭን፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነው። የሞተሩን ክዳን ከፈተ፣ ወደ ውስጥ አየና መልሶ ዘጋው።

«መለዋወጫ በአገሩ የለም ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

ይርጉ ቀደመ። «እኔ ነኝ ያመጣሁለት፣ ጓድ። ዛሬ ከዘመድ ለምኜ።»

ጸሐፊው ከአንዱ ወደ ሌላው ተመለከተ። ሊያምን የፈለገ ይመስል ነበር። ኸድሩም እሺ ቢል፣ አንገቱን ብቻ ቢነቀንቅ፣ አሻጥር ከሚባለው ክስ ይድናል። ነገር ግን ነገሩ ሲመረመር ይርጉ ይጠየቃል፤ ይህች ሴት ብትተርፍ ለባሏ እስር ቤት ስንቅ ልታመላልስ ነው።

«የለም ጓድ» አለ። «እኔው ጋ ነበር። ደብቄው ነው።»

«ይሄ ምን እንደሚያስከትልብህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ከሁሉም ቀበሌ ቀርቦ ከኛ ብቻ አንድ መኪና ጎደለ እየተባልኩ በየስብሰባው ስሰደብ የከረምኩት ባንተ ነው!» ጸሐፊው ድምፁን ከፍ አደረገና እታገኝ ስታቃስት መልሶ ዝቅ አደረገው። «ለዘመቻ የተመዘገበ መኪና ያለ ቀበሌው ወረቀት ከዚህ አይወጣም። ኬላው አያሳልፍህም። ማኅተሙ ደግሞ ሊቀመንበሩ ጋ ነው፣ እሱ ጨለለቅቱ ሄዷል።»

«እርስዎ ከገቡ ያሳልፉናል።»

«እኔ?»

«ያውቁዎታል። አጠገቤ ይቀመጡ።»

«ከዚያ ይርጋለም ስትደርስ ትጠፋለህ።»

ኸድሩ ከኋላ ያለችውን መሪማን አየ። ሰምታለች። በእታገኝ ግንባር ላይ ያለው እጇ ቆሟል። ልጆቹን፣ ረህማን፣ በሯ በተንኳኳ ቁጥር የምትነሳዋን፣ አሰበ። ከዛሬ በኋላ በዚያው ግቢ ሁለት እንደዚያ የሚነሱ ሴቶች ይኖሩ ይሆናል።

«አልጠፋም» አለ። «ሚስቴ እዚህ ነች፣ ልጆቼ እዚህ ናቸው። እሷን ካደረስናት በኋላ መኪናውንም እኔንም ይረከቡን። ስንመለስ ቤት እንኳ ልግባ አልልዎትም።»

ሲስተር ሙሉእመቤት ከመኪናው ላይ ሆና «ምን ታወራላችሁ? ደም እየፈሰሳት ነው!» ብላ ጮኸች።

መሪማ እጇን ወደ እታገኝ ግንባር መለሰች። ከዚያ ጥበቃውን ጠርታ፣ ድምፏ ሳይንቀጠቀጥ፣ «ወንድሜ፣ በእኛ በኩል ስታልፍ ረህማ ልጆቼን ወደሷ እንድትወስዳቸው ንገርልኝ» አለችው። ባሏን ግን አላየችውም።

ኸድሩ መኪናውን በፊት ዞሮ ሄደ፣ የጋቢናውን በር ከፈተ፣ መቀመጫው ላይ ያለውን አቧራ በመዳፉ ጠረገ።

«ይግቡ፣ ጓድ» አለ።