ባዶው ሳህን

እህቴ ላይ እቀናለሁ፤ ምን ይደረግ! በአባታችን ሚዛን መጠገኛ ሱቅ ሞላ በዘይት ስወለውል ያደግኩት እኔ ነኝ። እሷ ግን አልጀብራዋን ተምራ በመጣች ማግስት አባቴ «ጮሌዋ» ይላት ጀመር። እኔን ሲጠራኝ እስከ ዛሬ «አንቺ» ነው።

የአባቴ ዐይን ደክሟል። አንድ ቀን ባለ ሉካንዳው የሰሌዳው ቁጥር የተፋቀ ተንጠልጣይ ሚዛን አመጣ። አባቴም «የዚህን ፊት አስተካክላ ያሰመረች ሱቁን ተረክባ ወንበሬ ላይ ትቀመጣለች» አለን። ከዚያ መጀመሪያ ለማን ሰጠ? ለጮሌዋ!

እሷም ሳህኑ ሳይሰቀል መርፌው የቆመበት ላይ ምልክት አደረገች። ሳህኑንና ሁለት ኪሎውን አንድ ላይ ሰቀለች። መርፌው አምስት ሳንቲሜትር ወረደ።

«ርቱዕ ወደር ነው አባዬ» አለች። «ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ሞላውም እጥፍ ይሳባል። አምስት ሲካፈል ለሁለት፣ ቋሚ ቁጥሩ ሁለት ተኩል። ለአራት ኪሎ ዐሥር ሳንቲሜትር ይወርዳል ማለት ነው።»

አባቴ በኩራት ፈገግ አለላት።

ባዶው ሳህን ብቻውን መርፌውን አንድ ሳንቲሜትር እንደሚጎትት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ከአምስቱ የሁለት ኪሎው ድርሻ አራቱ ብቻ ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። እሷም ሰሌዳውን ነቅላ ጠረጴዛ ላይ በቀለም አሰመረችው።

ባለ ሉካንዳው ሊወስድ መጣ። ሰሌዳው ተገጥሞ ባዶው ሳህን ሲሰቀል መርፌው ወደ ግማሽ ኪሎው ተጠጋ።

«እናንተ ሰዎች፣ በአየር ሽያጭ ልታስወግሩኝ ነው?» ብሎ ሳቀ። አባቴ አራት ኪሎ ሲሰቅልበት ደግሞ መርፌው አራቱ ላይ ሳይደርስ ቆመ። እህቴ ፊቷ ዐመድ መሰለ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ! «ሳህኑን ረስታ ነው!» አልኩ። «ዜሮው ባዶው ሳህን ተሰቅሎ መርፌው የሚቆምበት ነው። አንዷን ሳንቲሜትር ቀንሱና አራትን ለሁለት አካፍሉ፤ ቋሚ ቁጥሩ ሁለት ነው!»

«ልክ ነሽ» አለ አባቴ። «መቼ አየሽው?»

«ስትሰቅለው።»

ወደ እኔ ዞረ። «እሷ የሳህኑን ክብደት ረሳች፤ ይታረማል» አለ። «አንቺ ግን ምንም ሳይጫንብሽ አዘንብለሽ ቆየሽ። በእንዲህ ዓይነት ሚዛን ማን ይመዝናል?»

ወንበሩንም ለእሷ ሰጣት።

አሁንስ ትኩራራብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ዱካ ጎትታ ከጎኗ አደረገችና «ነይ ቁጭ በይ እትዬ፤ ያላንቺ አልችለውም» አለችኝ።

ተቀመጥኩ፤ ምን አማራጭ አለኝ? አያችሁልኝ አይደል፣ በደግነቱም ቀደመችኝ።