ወለሉን ማን ትቶ ይሄዳል?

«የጣውላ ወለል አለው!» አለች የቲርዛ እናት ሪካ ገና በሩን ከማለፏ። ጫማዋን አውልቃ በካልሲዋ ሳሎኑ ላይ ተንሸራተተች። «ቲርዛ፣ እይው! አዲስ ነው የሚመስለው!»

ቲርዛ አየችው። አልወደደችውም።

በአሥራ አምስት ዓመት ዕድሜዋ እናቷን ተከትላ ብዙ የቤቶች ድርጅት ኪራይ ቤት ዞራለች፤ ሁሉም ራቁታቸውን ነበሩ። የዙትፈን ከተማ ሰው ርካሽ የኪራይ ቤቱን ሲለቅ ወለሉን ነቅሎ፣ መጋረጃውን አውርዶ፣ አምፖሉን ሳይቀር ፈትቶ ነው የሚወጣው። አያቷ እንኳ ወደ ጡረተኞች ቤት ስትገባ ያለቀ ምንጣፏን ጠቅልላ ሄዳለች። እዚህ ግን መጋረጃው እንደተሰቀለ ነው።

«ይሄን ሁሉ ማን ትቶ ይሄዳል?» አለች።

«ቸኩለው ወጡ፣» አለች ከቤቶች ድርጅት የመጣችው ወይዘሮ ስሎት፣ ቁልፉን እያንቀጫቀጨች።

«ከምን ሸሽተው?»

«ቲርዛ! ለዛሬ እንኳ አፍሽን ያዢልኝ!» አለች ሪካ።

«መጠየቅም ኪራይ አለው እንዴ?»

ከኋላቸው አንድ ወፍራም ሰውዬ ሜትሩን ዘርግቶ መስኮቱን ይለካ ነበር። ተረኛው ነው። ድርጅቱ ቤት ሲያሳይ ቀጣዩንም አብሮ ይጠራል፤ የመጀመሪያው እምቢ ካለ እዚያው ይረከባል። እምቢ ያለው ደግሞ ከሰልፉ ጭራ ይጀምራል።

«ገና አልሞትንም እኮ፣ ጋሼ፣» አለችው ቲርዛ።

«ምናልባት ከተዋችሁት ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ።»

መተው የሚባል ነገር አልነበረም። ያሉበትን ቤት ባለቤቱ ሸጦታል፤ ወሩ ሲያልቅ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለው የአጎቷ ግቢ ውስጥ የቆመ ተጎታች ቤት ነው፤ ማሞቂያ የለውም። የትንሹ ወንድሟ የያስፐር ደረት ደግሞ ብርድ አይችልም፤ አምና ክረምት ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነው ሐኪም ቤት የደረሰው።

«ወለሉን በነጻ ትረከባላችሁ፣» አለች ወይዘሮ ስሎት። «ከፈረማችሁ ግን የራሳችሁ ነው። ከሥሩ ላለው ድርጅቱ አይጠየቅም።»

«ከሥሩ ምን አለ?» አለች ቲርዛ።

«ሲሚንቶ ነዋ!» ሴትዮዋ ሳቀች። ስትስቅ ግን ዓይኗ ወደ ጓዳው በር ሄዶ ቶሎ ተመለሰ።

«ወለሉን አንፈልግም ብንልስ?»

«ቤቱ የሚሰጠው እንዳለ ነው። ካልሆነ ለእሳቸው።»

ሰውዬው ሜትሩን ለቀቀው፤ ጣ! ብሎ ተጠቀለለ።

«ይሄ የኔ ክፍል ነው!» ያስፐር ከጓዳው ጮኸ። ከዚያ ሳለ። ደግሞ ሳለ።

ቲርዛ ተከትላው ገባች። ክፍሉ የሽቶ ሽታ አለው፤ ከሽቶው ሥር ግን የከረመ እርጥብ ጨርቅ ይሸታል። ጥጉ ጋ ስትደርስ ወለሉ ከእግሯ በታች እንደ ዳቦ ሰረጎደ። ጎንበስ ብላ የብስክሌት ቁልፏን በግድግዳውና በጣውላው መካከል ሰካችና ፈነቀለችው።

ሥሩ በሻጋታ ጠቁሯል። ረጥቦ ያብለጨልጫል፤ ጸጉር አብቅሏል፤ ከአዲሱ ቀለም ጀርባ ሽቅብ ግድግዳውን ይዞ ወጥቷል።

«እማ፣» አለች ቀስ ብላ።

ሪካ መጥታ አየች። ረጅም ጊዜ አየች። ሳሎን ውስጥ ሜትሩ እንደገና ጣ! አለ። እሷም ተንበርክካ ጣውላውን በመዳፏ ወደ ቦታው መለሰችው፤ ሲገጥም እንደ ሰው ተነፈሰ። ተነሥታ ቆመችበት።

«ወይዘሮ ስሎት፣ የቱ ጋ ነው የምፈርመው?»

ዓይኗ ግን ቲርዛ ላይ ነበር።

«እኔ አልጋዬን እዚህ ጥግ ነው የማደርገው!» አለ ያስፐር፣ ሳሉ እያቋረጠው።

ቲርዛ አንድ እግሯን ከእናቷ እግር አጠገብ አምጥታ ጣውላውን ረገጠች።

«ዞር በል፣ አንተ ድንክ፣» አለችው። «ይሄ ጥግ የኔ ነው። አንተ ሳሎን ነው የምትተኛው፣ መስኮቱ ሥር።»