ከሽማግሌዎቹ የቀደመ መርዶ

አባቴ ውበቱ ስልክ አይወድም። እዚህ እስራኤል፣ በቤኤር ቱቪያ የማሸጊያ ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ሲያነሳ አይማረርም፤ "ፈቃድ በስልክ ጠይቅ" ሲሉት ግን ፊቱ ይጠቁራል። ዕብራይስጥ ያነባል፤ ነገር ግን ፊደሉን ሲለቅም ቆይቶ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳዋል። ስለዚህ ያቭነ ያለው መሥሪያ ቤቴ የሰዓት መመዝገቢያና የፈቃድ መጠየቂያ መተግበሪያውን እንደ አዲስ እንዳዘጋጅ ሲሰጠኝ፣ በልቤ የያዝኩት እሱን ነበር። ፋብሪካው የሚጠቀመው የእኛን መተግበሪያ ነው።

ስምንት ወር ለፋሁ። በድሮው አሠራር ሠራተኛው መልስ የሚያገኘው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር፤ እሱንም ሄዶ ካልጠየቀ አይነግሩትም። ይህን ሁሉ ቆራረጥኩት። ኃላፊው ፈቃዱን እንዳጸደቀ ወዲያው ለሠራተኛው ይደርሰዋል። ለሐዘን ከሆነ ደግሞ የሁለተኛ ሰው ፊርማ አይጠበቅም። ማንበብ ለሚከብደው በአማርኛ ይነበብለታል። ድምፅ የሚሰጥ ሰው ስናጣ እኔው ተቀዳሁ። ፕሮግራሙን የምትጽፈው ኖዓ "የተላከ መልእክት መመለሻ ይኑረው?" ብላ ብትጠይቀኝ፣ "ሠራተኛ አንዴ የደረሰውን መልስ ማንም እንዳይሰርዝበት" ብዬ በኩራት ከለከልኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ እናቴ ሙሉእመቤት ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"እልፌ፣ ሀብቱ አረፈ። ዛሬ ጠዋት ከጎንደር ደወሉ" አለችኝ።

ሀብቱ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከእሱ ሌላ ወንድም የለውም። ወደዚህ ሊያመጣው ሃያ አንድ ዓመት ከቢሮ ቢሮ ተንከራቷል። ዘንድሮ ተስፋ ሰጥተውት፣ የሚተኛበትን ክፍል ራሱ ቀለም ቀብቶ ነበር። እንባዬ መጣ።

"አባባ ሰማ?"

"ምን ነካሽ! መርዶ እንዲህ ነው እንዴ የሚነገረው? ሽማግሌው አባ ዘበነ ከገደራ፣ የያቭነ ዘመዶችም ነገ ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ። ሰው ከቦት፣ ግራ ቀኙ ተይዞ ይሰማል። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል።"

"እሺ እማ።"

"ለቶመር ብቻ ነው የነገርኩት፤ ነገ ሲቀር ያለ ፈቃድ ቀረ እንዳይሉት።" ቶመር የአባቴ የፈረቃ ኃላፊ ነው። "ለውበቱ እንዳትነግረው ብዬ አስማልኩት። ቤሰደር፣ እሺ፣ አንድ ቃል አይወጣኝም አለ። ጨዋ ልጅ እኮ ነው! ያኔውኑ ፈቃዱን በስልኩ እንደጻፈው ነገረኝ።"

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። "ውበቱ። የሐዘን ፈቃድ፤ ወንድም። ሰባት ቀን። ጸድቋል።" ከሥሩ ደግሞ "ተልኳል፤ አልተከፈተም" ይላል። ሠራተኞቹ ስልካቸውን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ነው ወደ ማሽኑ የሚገቡት፤ የሚያወጡት ለምሳ ነው። ለምሳ ግማሽ ሰዓት ቀርቷል።

ኖዓ ጋ ሮጥኩ። መርዶ ምን እንደሆነ ሳስረዳት አፏን ይዛ ሰማችኝ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። እሷ ከየት ታምጣው?

"ሁሉንም ነገር ላጥፋው? ሰርቨሩን?" አለች።

"ይረዳል?"

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። መልእክቱ ስልኩ ውስጥ ገብቷል። መመለሻ የለውም። ማን እንደከለከለ አልነገረችኝም፤ እሱ ራሱ አንገበገበኝ።

ቶመር ጋ ስድስት ጊዜ ደወልኩ፤ የእሱም ስልክ ተመልሶ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይሆናል። መኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ። ጋን ያቭነ መታጠፊያ ላይ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱ ተዘግቷል። መሪውን በጡጫ መታሁት። "ያላ! ያላ! ተንቀሳቀሱ!" እያልኩ ብጮህ ማን ይሰማኛል? እዚያው እንደቆምኩ ስልኬ ላይ ቃሉ ተቀየረ፤ "ተከፍቷል" አለ።

አባቴን ያገኘሁት ከፋብሪካው ጀርባ፣ የእንጨት ርብራብ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነው። የምሳ ዕቃው አልተከፈተም። ዓይኑ ደም መስሏል። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያየዋል።

"አባባ..."

"የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት" አለ። "ድምፅሽ ነው አይደል?"

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እግሩን ያዝኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ የእናቴን፣ የቶመርን፣ የእኔን ጥበብ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጣ ኖሮ በቀለለኝ።

"ማን ነው የሚመጣው?" አለ።

"አባ ዘበነ። ነገ ጎህ ሲቀድ።"

ከውስጥ የማሽኑ ድምፅ እንደገና ተነሳ፤ ምሳ አልቋል። ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገና ቆመ።

"እንግዲያው እኔ አልሰማሁም።"

"አባባ እባክህ! ለእማ ልንገራት፣ ዛሬውኑ ይምጡ።"

"አይሆንም። ገና ከጠዋቱ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ለእኔ ሲሯሯጥ ውሏል። ደግሞስ ምን ሊሉ ነው? የውበቱ ልጅ አባቷን በስልክ አረዳች? እድሜ ልክሽን ይጠሩሻል በሱ። አንቺን አላሰድብም።"

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይባላል። ብናገር እሱን አዋርዳለሁ፤ ዝም ብል ብቻውን ይቃጠላል። ዝም አልኩ። እሱም ወደ ካርቶኑ ተመለሰ። ማታም ራቱን በልቶ፣ እናቴን "ደክሞሻል፣ በጊዜ ተኚ" አላት።

ጎህ ሲቀድ ቂርያት ማላኪ ያለው ቤታችን በሰው ተሞላ። አባ ዘበነ የአባቴን ክንድ ያዙ፤ ሁለት ጎልማሶች ከኋላው ቆሙ፣ ቢወድቅ ሊይዙት። "ውበቱ፣ በርታ። ሀብቱ አርፏል።"

እናቴ ጮኸች። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ሁሉም አባቴን ያየዋል። አባቴ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። ዓይኑን ጨመቀ። ሞከረ፤ እኔ አውቃለሁ፣ ሞከረ። አንዲት ጠብታ እንኳ እንቢ አለችው።

"አልቅስ እንጂ፣ ይውጣልህ" አሉት። ከሴቶቹ መካከል አንዷ "ይሄ አገር አንጀታችንን አደረቀው፤ አንድ ወንድሙ እኮ ነው" ስትል ሰማኋት። እሱም ሰምቷል።

እናቴ ወደ ራሷ ጎትታኝ በጆሮዬ፣

"እልፌ፣ አባትሽ ምን ሆነ? ለሀብቱ እንኳ እንባ ያጣል?" አለችኝ።

አባቴ ከሰዎቹ ትከሻ በላይ አየኝ። እንዳትነግሪያት በሚል ራሱን በጥቂቱ ነቀነቀ።

"እንጃ እማ" አልኳት።