የእማዬ ቀኖና

ከምሠራበት ላውንደሪ የሁለት ሰዓት ፈቃድ ለምኜ እማዬን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ለጋራ ንስሐ ይዣት መጣሁ። መጀመሪያ አንድ ላይ ይጸለያል፣ ኃጢአት የሚያስታውሱ ጥያቄዎች ይነበባሉ። ከዚያ አራት ካህናት በቤተ ክርስቲያኑ አራት ጥግ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሰው በየተራ ሄዶ ፊት ለፊታቸው ይናዘዛል። የመናዘዣ ሣጥን የለ፣ መጋረጃ የለ።

እማዬ መርሳት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። አንዴ ታውቀኛለች፣ ወዲያው ደግሞ የለሁም። ታላቅ እህቴ በስልክ «አይዞሽ» ትለኛለች፤ አጣቢዋም አልባሿም እኔ ነኝ።

«ይቺ ሰልፍ አታልቅም እንዴ?» አለች።

«ኃጢአተኛው በዛ፣ እማዬ።»

«እንግዲያ አንቺ ከኋላዬ ሁኚ፤ ያንቺ ይረዝማል።»

አጠገባችን ያሉት ሴትዮ ሳቃቸውን በመሐረብ አፈኑ።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ ሹራቧን አዛንፋ መቆለፏን አየሁ። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና አንገቴን ደፍቼ ቁልፉን መፍታት ጀመርኩ። አማተበች።

«አባ ይፍቱኝ።»

«እኔ ነኝ» ልላት ስል ቀደመችኝ።

«ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋን እወዳታለሁ። ትንሿን ግን… ሞከርኩ፣ አባ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። አሁን ገላዬን የምታጥበኝ እሷ ናት። እጇ ሲነካኝ አፍራለሁ።»

የመጨረሻውን ቁልፍ ፈታሁ።

«ይፍቱኝ እንጂ፣ አባ።»

ይፍታሽ ልላት ሥልጣኑ የለኝም። ቢኖረኝም እንጃ።

«ተራሽ ደርሷል» አልኳት።

ቆላለፍኩላትና ክንዷን ይዤ እስከ ካህኑ ወንበር አደረስኳት። ራቅ ብዬ ቆምኩ። ያንኑ ትድገምላቸው፣ ትርሳው፣ አላውቅም። ስትመለስ እንዳይጠፋባት «ሦስት ሰላም ላንቺ፣ ሦስት ሰላም ላንቺ» ትላለች። የማርያምን ጸሎት ሦስት ጊዜ እንድትደግም የሰጧት ቀኖና መሆኑ ነው።

እኔም ልናዘዝ ነበር። ይዤ የመጣሁት ኃጢአት እማዬ ላይ መጮኼን ነው። ተራዬን ለሴትዮዋ ለቀቅኩ።

አግዳሚው ላይ ገና ከመቀመጧ፣ «ምን በይ ነበር ያሉኝ?» አለች።

«ሦስት ጊዜ ሰላም ላንቺ።»

«ምን አጥፍቼ?»

«እኔ እንጃ።»

«በቃ አንቺ በይልኝ፤ ያንቺ አፍ ፈጣን ነው።»

ሥራ ልገባ ሃያ ደቂቃ ቀርቶኛል። ተንበረከክሁ። ሁለቱን በጥድፊያ አልኩላት። ሦስተኛው ላይ «ለምኝልን» ጋ ስደርስ ግንባሬን አግዳሚው ላይ ደፋሁ።

እማዬ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

«አይዞሽ» አለች፤ «ትልቅ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ በሦስት አይለቁሽም ነበር።»