የፍሬን ዘይት

በቤታችን መኪና የሚያውቀው እኔ ነኝ ይባላል። ያስባልኩትም እኔው ነኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ዓመት ሳይሞላኝ፣ መኪና በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር ድምፁን ሰምቼ «የዚህስ ሻማው አልቋል» እላለሁ። የሚያጣራ ስለሌለ ተሳስቼ አላውቅም።

አንድ እሁድ ጠዋት የታላቅ እህቴን መኪና ሳጥብላት ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በርቶ አየሁ። «እትዬ፣ የፍሬን ዘይት ጎድሎ ነው» አልኳት ደረቴን ነፍቼ። እስከዚህ ልክ ነበርኩ። ኮፈኑን ከፈትኩና የፍሬኑን ዘይት የሚይዘውን ትንሽ ዕቃ አገኘሁ። ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ የሞተሩ ዘይት ሲቀየር የተረፈ ጀሪካን ነበር። የጎደለው ዘይት፣ ያለውም ዘይት። ጢም አድርጌ ሞላሁት። መብራቱ ጠፋ። እትዬ «እሰይ የኔ መካኒክ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ከሥራ ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እንቢ አላት። የእጅ ፍሬኑን ስባ፣ ጎማውን ከመንገዱ ጠርዝ ጋር እያፋተገች እንደ ምንም ቆመች። ሰው አልተጎዳም።

በዚያው ወር መጀመሪያ ላይ የፍሬን ሸራ የቀየሩላት መካኒኳ ጋሼ ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪናዋን የሠሩላት እሳቸው ናቸው። በማግስቱ መኪናውን አስጎትተን ጋራዣቸው ገባን።

«ጋሼ፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው የሠሩልኝ?» ብላ ጀመረች። ድምፅዋ እየጨመረ ሄደ። ደንበኛው ሁሉ ዞሮ እያየ፣ «ልጆቼን ጭኜ ቢሆንስ? አንተ ነህ የምትመልስልኝ?» አለች።

አንተ! አባታችን ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ።

ጋሼ የፍሬኑን ዕቃ ከፍተው ጣታቸውን ነከሩ፣ አሹት፣ አሸተቱት። የክዳኑ ጎማ ኩፍ እንዳለ ሊጥ አብጧል።

«ከኔ በኋላ ሰው ነክቶት ነበር?»

«ማን ይነካዋል? ወንድሜ ብቻ ነው ያየው። እሱ ደግሞ ያውቃል።»

ጋሼ አዩኝ። በል አሁን ተናገር አልኩ ለራሴ። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «እኔ የመስታወት ውኃ ብቻ ነው የጨመርኩት» አልኩ።

«እሺ፣ አስተካክለዋለሁ» አሉ ጋሼ።

መኪናውን ልንወስድ የሄድን ቀን እትዬ ሰላም እንኳ ሳትላቸው ቁልፏን ተቀብላ ገባች። ጋሼ ወደኔ ጠጋ ብለው ያንን ጀሪካን ከአንዲት አዲስ ጠርሙስ ጋር አስያዙኝ። «ይኼ ለሞተር ነው፣ የፍሬን ጎማ ያሳብጣል፤ ይቺ ለፍሬን። ስማቸው ነው የሚያሳስተው። ለሷ አልነገርኳትም» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በጥፊ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

መንገድ ላይ እትዬ፣ «ሁለተኛ እዚህ አልመጣም። ካሁን በኋላ መኪናዬን ካንተ በቀር ማንም አይነካትም» አለችኝ።

ጠርሙሷ ጭኔ ላይ ነበረች።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «የሞተሩን ዘይት ነው ፍሬኑ ውስጥ የጨመርኩት።»

ፍሬን ያዘች። የጋሼ ሥራ ቀጥ አድርጎ አቆመን። ከኋላ ጥሩንባ ሲጮህብን የሰማች አልመሰለችም። ስድቧን ስጠብቅ መሪውን አዙራ ወደ ጋራዡ መመለስ ጀመረች።

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንተ ብያቸዋለሁ እኮ» አለች። «አሁን በየትኛው አፌ ነው አንቱ የምላቸው?»